እማዬ መርፌውንም ቅጠሉንም ይዛዋለች፤ ለሐኪሟ ግን አልነገረችም

ሮማን ከአቃቂ — ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። ሁሉንም ካልነገርኳችሁ በደንብ ልትመልሱልኝ አትችሉም።

እማዬ 66 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ካመማት አምስት ዓመት አልፏል። ቀጥሎ ወገቧ ተጨመረበት። ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳው ግድግዳ ይዛ ነው። ቆማ ማስቀደስ የምትወድ ሰው ናት፤ አሁን የቅዳሴውን ግማሽ ተቀምጣ ነው የምትጨርሰው። ከሕመሙ ይልቅ እሱ ያስለቅሳታል።

የልብ ሕመምም አለባት። በልጅነቷ ከቶንሲል በመጣ ጣጣ አንዱ የልብ በሯ ጠቧል። ለዚህ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ በየወሩም ደሟን ትለካለች። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሱ ጋር አይሄዱም ተብላለች። ስለዚህ ለጉልበቷ የቀራት ፓራሲታሞል ብቻ ነው። እሱም አልያዘላትም።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት ጎረቤታችን አኩፓንክቸር፣ ማለትም የቻይናውን የመርፌ ሕክምና የሚሠራ የግል ቤት ወሰደቻት። ስሙን አልጠራም። ስምንት ጊዜ ተወጋች። እውነቱን ለመናገር ቀሏታል። የቤታችንን ደረጃ ያለ ሰው ድጋፍ መውጣት ጀምራለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን መርፌውን የሚወጋት ሰው «ደም ማቅጠኛውን ተዪው፤ መርፌው ራሱ ደምሽን ያዘዋውረዋል» ብሏታል። እሷም ቃሉን ተቀብላ ሦስት ቀን ዘለለችው። ስሰማ ክው አልኩ።

ሌላም አለ። ከፋሲካ ወዲህ ጠዋት በባዶ ሆዷ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ በትልቅ ማንኪያ ትወስዳለች። ማታ ደግሞ ከገበያ የተገዛ «የሪህ መድኃኒት» የሚባል ቡናማ ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጣ ትጠጣለች። ከምን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። ለሐኪሟ ለምን አትነግሪውም ስላት «ይቆጣኛል» ትላለች።

መርፌውን ላስቁማት? ቅጠሉንስ? ሁለቱም ከዋርፋሪን ጋር ይሄዳሉ? የምታውቁ እባካችሁ።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ — ሰኞ፣ ማታ 3፡32

እህቴ ሮማን፣ ሌላው ሁሉ ይቆየን። ነገ ጠዋት ዋርፋሪን ወደምትከታተልበት ቦታ ውሰጃት። ሦስት ቀን እንደዘለለች ንገሪያቸው። የዘለለችውን ለማካካስ ብላ ደርባ እንዳትውጥ። የልብ በሩ የጠበበ ሰው ማቅጠኛውን ሲያቋርጥ ልብ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው። መርፌው ማቅጠኛውን አይተካም። በምንም መንገድ አይተካም።

ዱቄቱን ዛሬ ማታ አትስጫት። ግን እንዳትጥይው፣ ይዘሽው ሂጂ። ስለ ቀሪው ነገ ከሥራ ስወጣ እጽፍልሻለሁ።

የደጋ ዳሞት ልጅ — ሰኞ፣ ማታ 4፡05

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልን። እኔ ያደግኩት በቅጠል ነው። አያቴ ጎጃም ውስጥ የታወቀ የባህል ሐኪም ነው። ምች ሲመታን ዳማከሴ በመዳፉ አሽቶ ጭማቂውን በቡና ያጠጣናል፣ ግንባራችንን ይቀባናል። ሆድ ሲነፋን ጤና አዳም፣ ጉንፋን ሲይዘን ፌጦ። እዚህ የደረስነው በሱ ነው። ስለዚህ «ቅጠል ሁሉ ይጣል» የሚል መልስ ከመጣ እኔ አልቀበልም። ግን አያቴም ቢሆን የማያውቀውን ዱቄት ለሰው አይሰጥም። ስሙ የማይታወቅ ነገር መድኃኒት አይባልም።

ተረኛ ሐኪም — ማክሰኞ፣ ቀን 7፡20

የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ እየተማርኩ ያለሁ ሐኪም ነኝ። ስለ ዋርፋሪኑ ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ መርፌው ልጨምር።

የአኩፓንክቸር መርፌ እንደ ክትባት መርፌ ባዶ ቱቦ አይደለም። ድፍን ነው። ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተተክሎ ይቆያል። የቻይና ባህላዊ ሕክምና በሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚባል ኃይል በመስመር ይሄዳል ብሎ ያስተምራል። እነዚያን መስመሮች በቀዶ ጥገናም በምስልም ያገኛቸው ሰው የለም። መርፌው ግን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ኢንዶርፊን የሚባል ማስታገሻ እንደሚያስለቅቅም ታይቷል።

ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ጀርመኖች የሠሩት ነው፣ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2007። ወገባቸውን ለዓመታት ያመማቸውን 1,162 ሰዎች በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያው ቡድን በትክክለኛው የቻይና ነጥብ ላይ ተወጋ። ሁለተኛው ነጥብ ባልሆነ ቦታ፣ ለይስሙላ፣ ቆዳው ላይ ብቻ ተወጋ። ሦስተኛው በተለመደው መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ታከመ። ከስድስት ወር በኋላ ትክክለኛውን መርፌ ካገኙት 47.6 በመቶ፣ የይስሙላውን ካገኙት 44.2 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ካሉት 27.4 በመቶ ተሽሏቸዋል።

ደግማችሁ አንብቡት። የተወጋ ሰው ካልተወጋው በልጦ ተሽሎታል። የት እንደተወጋ ግን ብዙም ለውጥ አላመጣም። አንዱ ሐኪም ይህን አይቶ «ይሠራል» ይላል፤ ሌላው ያንኑ ቁጥር ይዞ «ተስፋው ነው የሠራው» ይላል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለወገብ ሕመም አትስጡ ሲል፣ በዓመቱ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ከክኒን በፊት ከሚሞከሩት አንዱ ነው ያለው። ጉልበት ላይም እንዲሁ ተለያይተዋል።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ለሕመም፣ በንጹሕ መርፌ፣ በሠለጠነ እጅ ከሆነ አልከለክልም። በተለይ እንደ እናትሽ ጠንካራ ማስታገሻ ለማይፈቀድለት ሰው። ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ ካንሰር ያድናል የሚል ካለ ግን ከዚያ ቤት ውጡ።

ጋሽ ታክሲ ከሲልቨር ስፕሪንግ — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ዶክተር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው። እኔ 69 ዓመቴ ነው። ዲሲ ውስጥ 26 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ወገቤ ያለቀው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ክኒኑን ዋጥኩ፣ ጨጓራዬ ተላጠ። ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ፣ ትንሽ ረዳኝ። ልጄ አኩፓንክቸር ሞክር ስትለኝ ያሾፈችብኝ መስሎኝ ነበር።

ሄድኩ። አምስተኛው ቀጠሮ ላይ ነው ለውጡ የታወቀኝ። ጫማዬን ራሴ አሰርኩ። ሰው ይሄን ቀላል ነገር ይለዋል። ለሁለት ዓመት ጫማውን ሌላ ሰው ያሰረለት ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ነጥቡ ላይ ይወጋ ከነጥቡ ውጭ ይወጋ እኔ ምን ቸገረኝ?

አሜሪካ ላላችሁ፣ ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ያላችሁ ይሄን እወቁ። ከ2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ሕመም ይከፍላል። በ90 ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ነው። ለውጥ ካሳያችሁ 8 ይጨመርላችኋል። በዓመት ከ20 አያልፍም። ለውጥ ከሌለ ያቆሙታል። ለጉልበት ግን አይከፍልም፤ ለወገብ ብቻ ነው። ብዙ አበሾች ይህን ሳያውቁ ከኪሳቸው ሲከፍሉ አይቻለሁ።

ተረኛ ሐኪም — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ጋሼ፣ ጫማዎን ማሰርዎ ደስ ብሎኛል። እኔም ነጥቡ ላይ ካልሆነ አይጠቅምም አላልኩም። ልዩነቱ የሚመጣው ለበሽተኛ ቃል ሲገባ ነው። «ሕመምዎን ሊያቀልልዎ ይችላል» እና «ልብዎን ያድናል፣ መድኃኒትዎን ይጣሉ» ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሮማንን እናት የገጠማት ሁለተኛው ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ወሬ ላስተካክል። ቻይና ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በመርፌ ብቻ ደንዝዞ ትርፍ አንጀቱ ወጣ እየተባለ ይወራል። ጋዜጠኛው የኒው ዮርክ ታይምሱ ጄምስ ሬስተን ነው፤ ጊዜው ሐምሌ 1971 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ቤጂንግ። ቀዶ ጥገናው የተሠራለት በተለመደው ማደንዘዣ ነው። መርፌው የመጣው በማግስቱ ሌሊት ሆዱ ተነፍቶ ሲያስጨንቀው ነው። ክርኑና ከጉልበቱ በታች ተወጋ፣ ቀለለው። ራሱ የጻፈው ይህን ነው። ወሬው ግን እየተጋነነ ዛሬ ድረስ ሰው ያሳስታል።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ — ማክሰኞ፣ ማታ 4፡00

እንደገባሁት ቃል መጣሁ። ሮማን፣ ይሄ ለእናትሽ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ቤቴ ደጃፍ ላይ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

አንድ ታሪክ ልጀምር። ዋርፋሪን ራሱ ከቅጠል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ሜዳዎች ከብቶች ደም እየፈሰሳቸው ይሞቱ ነበር። ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደሙ አልቆም ይላል። ምክንያቱ ድርቆሹ ነበር። ስዊት ክሎቨር የሚባል የመኖ ተክል ሻጋታ ሲይዘው በውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ይፈጠራል። በዊስከንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክ የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ያን ነገር ለይቶ አወጣው። ከሱ የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ። በ1954 ለሰው ተፈቀደ። ዛሬ የስንቱን እናት ሕይወት ይዟል።

ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? «ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ቃል በየቀኑ እሰማለሁ። ተፈጥሮ ጠንካራ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ያድናል፤ ጠንካራ ስለሆነም ይጎዳል።

አሁን ወደ እማማ። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው። ጎመን ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው። ሰው ድንገት ጎመን ሲያበዛ የዋርፋሪኑ ጉልበት ይወርዳል። ሲያቆም ይወጣል። ይህ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ እናቶች በጾም ጎመን ይደጋግማሉ፤ ፋሲካ ሲሆን ያቆሙታል። ጎመን ክልክል አይደለም። በየሳምንቱ ልኩ ተመሳሳይ ይሁን፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ደሙ ይለካ።

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲሆን ደም የማቅጠን ጠባይ አለው። ዝንጅብልም ይጠረጠራል። ጥቁር አዝሙድና አብሽም በብዛት ሲወሰዱ እንዲሁ። ወጥ ውስጥ የገባው አያሳስብም፤ የወጥ ልክ ነው። በትልቅ ማንኪያ በባዶ ሆድ በየቀኑ ሲሆን ግን ምግብ መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ሆኗል። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

ሮማን፣ የእናትሽን የክትትል ካርድ አውጪና የአይኤንአር ቁጥሩን ከነቀኑ ተመልከቺው። ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሲወርድ የመርጋት፣ ሲወጣ የመድማት አደጋ አለ። ለልብ በር መጥበብ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። በጾም ስንት ነበር? ከፋሲካ በኋላስ?

ሰሚራ ከሪያድ — ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡50

ሂጃማስ? እዚህ በየሰፈሩ አለ። እናቴም ኢትዮጵያ ሳለች ዋግምት ታሠራ ነበር። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ይሆናል?

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05

አይሆንም እህቴ። ዋግምትም ይሁን ሂጃማ ቆዳ በምላጭ ተጭሮ ደም የሚመጠጥበት ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ቶሎ አይቆምለትም። ሳይጫር በብርጭቆ ብቻ የሚሳበው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የቆዳ መበለዝና ደም መቋጠር ያመጣል። ሐኪሙን ሳያማክር አይሁን። ምላጩ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ ከነካ የሄፓታይተስና የኤችአይቪ መንገድ ነው።

የሦስት ልጆች እናት — ረቡዕ፣ ቀን 9፡30

ብዙ አልጽፍም። ወንድሜን የወፍ በሽታ ያዘው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወደ ሐኪም ከመውሰድ አንድ የሚታወቅ ሰው ጋ ወሰዱት። የሆነ ሥር ተወቅጦ ሳምንት ሙሉ ጠጣ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ጉበቱ አልቋል ተባልን። ሐኪሙ «ምን ነበር የጠጣው?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀን። ማናችንም አናውቅም ነበር። በሽታው ይሁን ሥሩ የገደለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሮማን፣ እናትሽ ሐኪሙ ይቆጣል ብላ እንዳትደብቅ። እኛ ማንንም ደብቀን አልነበረም፤ የምንነግረው ነገር ግን አልነበረንም።

የደጋ ዳሞት ልጅ — ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

እህቴ፣ ነፍሱን ይማርልሽ። ጽሑፍሽን ሳነብ ስለ አያቴ ማሰብ ጀመርኩ፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ሰኞ ዕለት ስለ ዳማከሴ ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አያቴ ዳማከሴን አያፈላም። «እሳት ከነካው ይሞታል» ይላል። በጥሬው አሽቶ ይጨምቀዋል። ብሳናን ግን ሌላ ያደርገዋል። የትኛው ይፈላል፣ የትኛው ይደርቃል፣ የትኛው ገና ጤዛ ሳይለቀው ይቆረጣል፤ ሁሉም በልቡ አለ።

ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ የወባ መድኃኒቱን ያገኘችው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የቻይና መንግሥት ለወባ መድኃኒት የሚፈልግ ምስጢራዊ ፕሮጀክት ጀመረ። እሷና ባልደረቦቿ ብዙ ቅጠል ሞከሩ። ቺንግሃኦ የሚባለው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ከ1,600 ዓመት በፊት ገ ሆንግ የሚባል ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ስታገላብጥ «አንድ እፍኝ ቺንግሃኦ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ» ይላል። ጨምቀህ እንጂ አፍልተህ አይልም! ሙቀቱ እንደሚያጠፋው ገባት። ኤተር በሚባል ፈሳሽ በአነስተኛ ሙቀት አወጣችው። ጥቅምት 1971 ላይ 191ኛው ናሙና አይጦቹ ላይ ያለውን የወባ ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በማግስቱ ዓመት ከሌሎች በሽተኞች በፊት ራሷ ላይ ሞከረችው። በ2015 ኖቤል ተሸለመች። እኛ አገር ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለወባ የምንውጠው ኮአርተም ከዚያ ቅጠል የመጣ ነው።

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ታያላችሁ? ገ ሆንግ ጻፈው። ልኩን ጻፈ፣ አሠራሩን ጻፈ። አያቴ አልጻፈም። «ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይሄዳል» ብለው አሳድገውታል። የሚወርሰው አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም አባት ሲያረጅ። አያቴ 88 ዓመቱ ነው። ወራሹ አጎቴ ነበር፣ ሞተ። እኔን አንድ ቀን «ና ላሳይህ» ብሎኝ ነበር። ፈተና ላይ ነኝ አልኩት። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

የእኛም አገር ሰው ሲያይ አይቷል። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከነሱ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል፤ ከነሱ በላይ ያሉት አልሞቱም። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣው ነው። ሴቶቹ እንዶድን ስንት ዘመን ያውቁት ነበር! የሚጽፈው ሰው ነበር የጠፋው።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ — ረቡዕ፣ ማታ 4፡10

ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምርበት። ያ ቺንግሃኦ የአርቴሚሲያ ዘር ነው፣ የእኛም አሪቲ ወገኑ ነው። ይህን ሰምቶ ለወባ የቅጠሉን ሻይ የሚጠጣ ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አልደገፈውም። ሻይ ውስጥ የሚገባው መጠን አይታወቅም፤ ጥቂት ሲሆን ወባው ሳይጠፋ መድኃኒቱን ይላመዳል። ወባ ሲሆን ተመርመሩ፣ ኮአርተሙን ውሰዱ።

ስለ ዱቄቱም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ለመክሳት የቻይና ቅጠል ያለበት ካፕሱል የወሰዱ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ብዙዎቹ ለዲያሊሲስና ለንቅለ ተከላ በቁ። ሲጣራ፣ መግባት የነበረበት አንድ ተክል ነበር፤ ስሙ ለሱ የሚቀርብ ሌላ ተክል፣ አሪስቶሎኪያ፣ ገብቶበት ነበር። ያ ቤልጂየም ነው፣ ሐኪም የጻፈው ነው። እኛ ገበያ ላይ በፌስታል የሚሸጠውን አስቡት። የተፈጨን ሥር ባለሙያም በዓይኑ አይለየውም። አንዳንድ «የሪህ መድኃኒት» ውስጥ ደግሞ የተፈጨ ዲክሎፌናክ ወይም ስቴሮይድ ይቀላቀላል፤ በተለያዩ አገሮች በላቦራቶሪ ተገኝቷል። ሕመሙ ቶሎ ሲለቅ ሰው «ቅጠሉ ፈዋሽ ነው» ይላል። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ይህ የጨጓራ መድማት ነው።

እርጉዞችም ካላችሁ፦ ጤና አዳምን በብዛት አትጠጡ፣ ማሕፀን ያነሳሳል። ኮሶንም ማንም ዝም ብሎ አይሞክር፤ ከልኩ ካለፈ ዓይን ያጠፋል። አያቶቻችን ኮሶ የሚጠጡት ልኩን በሚያውቅ ሰው እጅ ነበር፣ ያኔም ሰው ይጎዳ ነበር። ዛሬ ለኮሶ ትል በአንድ ቀን የሚያልቅ ክኒን አለ።

ተረኛ ሐኪም — ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡40

ሮማን፣ አቃቂ ከሆንሽ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብሽ ነው። የቻይና የሕክምና ቡድን እዚያ ይሠራል፤ አኩፓንክቸርም አላቸው። ቻይናዎች ወደ ኢትዮጵያ ሐኪም መላክ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፣ ከሄናን ግዛት። መርፌውን መቀጠል ከፈለገች በሆስፒታል ውስጥ፣ ካርዷ በሚታይበት ቦታ ቢሆን እመርጣለሁ።

የትም ይሁን ግን ሦስት ነገር ተመልከቺ። መርፌው ከታሸገ ፓኬት ፊትሽ ይፈታ፣ ከተጠቀሙበት በኋላ ይጣል። ዋርፋሪን እንደምትወስድ አስቀድመሽ ተናገሪ። ደረትና ትከሻ አካባቢ በጥልቀት እንዳይወጉ፤ አልፎ አልፎ ሳንባ የተበሳበት ሰው አለ። መርፌውን ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኙም አሉ። ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው እሱን አይሞክር።

ሮማን ከአቃቂ — ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 2፡30

ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ። ብዙ ነገር ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ወሰድኳት። አይኤንአሯ 1.3 ሆኖ ተገኘ። ዋርፋሪኑን ያን ቀን ጀመሩላት። በየሦስት ቀኑ እንድትመላለስ ተደረገ። አሁን 2.4 ላይ ነች። ተመስገን።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፣ ካርዷን እንዳልከኝ አወጣሁት። እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። በጾም መሃል 1.5። ሐኪሟ ምክንያቱ ስላልታወቀው መጠኑን ጨምሮላታል። ከፋሲካ በኋላ 4.1። መልሶ ቀነሰላት። ጾሙን ሙሉ ጎመን በልታ፣ በፋሲካ ጎመኑን ትታ ነጭ ሽንኩርቱን ጀምራለች። ያ ሰው ተዪው ባይላትም ኖሮ ለካ አደጋ ላይ ነበረች። እኛ ደግሞ «ደሟ አስቸጋሪ ነው» እያልን ነበር።

ዱቄቱንም ማሩንም ይዤ ገባሁ። እማዬ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሐኪሙ አልተቆጣም። ወንበሩን ወደሷ ሳበና «እትዬ፣ እኔ ሳልጠይቅዎ ነው ጥፋቱ» አላት። ከዚያ የምትጠጣውን አንድ በአንድ ጠየቃት፣ ካርዱ ላይ በቀይ ጻፈው። ዱቄቱን ማንም ሊያውቀው ስላልቻለ ቆመ። የማሩ ቅልቅልም ቆመ። ነጭ ሽንኩርት በወጥ ብቻ። ጎመን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጾምም ይሁን ፍስክ። ጤና አዳም ቡናዋ ላይ አንድ ቀንበጥ ጣል ማድረግ ትችላለች ተብላለች፤ ከሁሉ በላይ በሱ ነው የተደሰተችው።

ወደዚያ የግል ቤት አልተመለስንም። መርፌውን ግን ሐኪሟ ፈቅዶላት ሆስፒታል ውስጥ ቀጥላለች። መርፌ በወጉት ቁጥር ጥጥ ይዘው ረዘም አድርገው ይጫኑላታል። ጉልበቷ ላይ ሁለት ትንንሽ ሰማያዊ ነጥብ ወጥቶባታል፣ ሌላ ምንም የለም። ዛሬ ወንጌል ተነቦ እስኪያልቅ ቆማለች።

የደጋ ዳሞት ልጅ — እሑድ፣ ማታ 3፡00

ሮማን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! እኔም ቅዳሜ ጎጃም እወርዳለሁ። ለአያቴ በስልክ ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቆይቶ «በጠዋት ድረስ፣ ጤዛው ሳይለቅ ነው የምናየው» አለኝ። ደብተር ይዤ እሄዳለሁ።

ሮማን ከአቃቂ — እሑድ፣ ማታ 3፡12

እማዬ አጠገቤ ሆና ሳነብላት ነበር። «ለአያትህ ሰላም በልልኝ» ትልሃለች። ዳማከሴው ለአንድ ሰው ስንት ቅጠል እንደሆነ ጠይቅልን ትላለች። ከዋርፋሪን ጋር ይሄድ እንደሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሷ ሐኪሙን ትጠይቀዋለች።